ቡና ስለላመ ብቻ አይጣፍጥም፦ ስለ ቡና አፈጫጨት ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በጅማ ከተማ ቡና ወዳዶች መካከል እየተነበበ ያለ አንድ ጽሑፍ፣ በየቤታችን የሚፈላው ቡና የሚገባውን ጣዕም የማይሰጠው አልመን ስለማንፈጨው ነው ሲል ይከራከራል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በሰባት ነጥቦች አቅርበዋል። ቡና በላመ ቁጥር ጣዕሙ እንደሚጨምርና ቡናም እንደሚቆጥብ፣ ምሬት ከአቆላል እንጂ ከአፈጫጨት እንደማይመጣ፣ የጀበና ቡና እንደ ቱርክ ቡና ዱቄት መሆን እንዳለበት፣ ሙቀጫ ቦታውን ለኤሌክትሪክ መፍጫ መልቀቅ እንደሚገባው፣ የወር ቡና በአንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ ማስቀመጥ ጉዳት እንደሌለው፣ የጅማ ቡና ጠንካራ በመሆኑ ከሌላው ይበልጥ መድቀቅ እንደሚያስፈልገው፣ በመጨረሻም የላመ ቡና እንቅልፍ ስለሚነሳ ለአረጋውያን ሸካራ ቡና ማፍላት እንደሚሻል ጽፈዋል። ጉዳዩን ማንሳታቸው በራሱ የሚመሰገን ነው፤ ስለ ቡናው ተክል፣ ስለ ምርቱና ስለ ገበያው ብዙ በሚነገርበት አካባቢ፣ ቡናው ከቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከሰባቱ ነጥቦች አብዛኞቹ አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ልመትን፣ ቡናው ከውሃ ጋር ከሚቆይበት ጊዜና ከሚፈላበት ዕቃ ነጥለው ይመዝናሉ። ምላሼን በእሳቸው ተራ አቀርባለሁ፤ ሁሉም ነጥቦች ግን እኩል ሐተታ አያስፈልጋቸውም።

ቡና በላመ ቁጥር ጣዕሙ ይጨምራል የሚለው የመጀመሪያው ነጥብ መነሻው እውነት ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ገጽ የቡና ቅንጣት ብናስብና በየአቅጣጫው ለሁለት ብንከፍለው 8 ትናንሽ ቅንጣቶች እናገኛለን፤ የቡናው መጠን ምንም ሳይጨምር ውሃ የሚነካው ገጽ ግን እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የተቆላ የቡና ፍሬ፣ ስፋታቸው ከ20 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ የሆኑ እጅግ ብዙ ሕዋሳት የተደራረቡበት ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በመፍጨት የተሰበሩት ሕዋሳት የያዙትን ወዲያውኑ ለውሃው ይለቃሉ። ሳይሰበሩ በቅንጣቱ ውስጥ የቀሩት ግን ውሃው ሰርጎ እስኪገባ፣ የሚሟሟውን አሟሙቶም ሰርጎ እስኪወጣ ድረስ ጊዜ ይጠይቃሉ። ይህም ጊዜ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የላመ ቡና ያለውን ቶሎ ይሰጣል፣ ሸካራው ይዘገያል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለንም።

ልዩነታችን የሚጀምረው፣ ብዙ መውጣቱን ጥሩ ከመሆን ጋር አንድ አድርገው በመውሰዳቸው ነው። ከተቆላ ቡና ክብደት በውሃ ሊሟሟ የሚችለው 30 በመቶ ገደማ ሲሆን የቀረው እንደ አተላ የሚጣለው ነው። ከሚሟሟውም ሁሉ የሚፈለገው ሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የቡና አፈላልን ያጠኑት ሎክሃርት የተባሉ ተመራማሪ፣ ከቡናው ክብደት ከ18 እስከ 22 በመቶ የሚሆነው ወደ ውሃው ሲወጣ ሚዛኑ እንደሚያምር ያመለከቱ ሲሆን፣ ከዚያ ሲያንስ ቡናው ኮምጠጥ ያለና ቀጭን፣ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ መራራና ምላስ የሚያደርቅ እንደሚሆን እስከ ዛሬ በመማሪያነት ይጠቀሳል። ይህ ልክ የተሠራው በማጣሪያ ለሚዘጋጅ ቡና ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጀበና ማዛወር አይገባም። ቁም ነገሩ ግን ለጀበናም ይሠራል፦ ከቡና ውስጥ የሚወጣው ነገር ወሰን አለው፣ ወሰኑ ሲታለፍም የሚጨመረው ጣዕም ሳይሆን ምሬት ነው።

የማሽን ቡናን ብንመለከት እንኳ የጸሐፊው ሕግ አይጸናም። በማሽን ውሃው በ9 ባር ገደማ ግፊት ተገፍቶ ከቡናው ጋር የሚቆየው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ቡናው መላም አለበት፤ ጊዜ ያጣውን በገጽ ስፋት ይክሳል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የሒሳብና የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች በጋራ ባሳተሙት ጥናት፣ ቡናው ከአንድ ደረጃ በላይ ሲልም ወደ ሲኒው የሚወጣው መጠን ማደጉን ትቶ መቀነስ እንደሚጀምር አሳይተዋል። ምክንያቱም ዱቄቱ በየቦታው ይደፈንና ውሃው በቀረለት ቀዳዳ ብቻ ይሮጣል፤ አንዱ ወገን ከመጠን በላይ ሲታጠብ ሌላው ወገን ሳይነካ ይቀራል።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የምሻ ቢሆን ቡና ቀማሾችን እጠቅስ ነበር፤ እጠቅሳቸዋለሁም። በዓለም አቀፍ የቡና ቅምሻ ሥርዓት የአንድ ቡና ደረጃ ሲመዘን 8.25 ግራም ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዘፈዘፋል። የአፈጫጨቱም ልክ ቀዳዳው 850 ማይክሮን በሆነ ወንፊት ከ70 እስከ 75 በመቶው የሚያልፍ እንዲሆን ታዟል፤ ይህ በወረቀት ማጣሪያ ከሚጣራው ቡና እንኳ ሸከር ያለ ነው። የሊሙንም ሆነ የጅማን ቡና መልካምነትና ጉድለት የሚለዩት ባለሙያዎች ፍርዳቸውን የሚሰጡት በዱቄት ላይ አይደለም። ልመት ብቻውን ጣዕም የሚጨምር ቢሆን ኖሮ የሚፈርዱበትን ቡና ሸካራ ባላደረጉት ነበር።

ቁጠባን በተመለከተ የጸሐፊው ስሌት ከቤት ልማድ ጋርም አይገጥምም። በየቤታችን ቡና የሚሰፈረው ጥሬውን ሳለ ነው፤ በሲኒም ይሁን በእጅ፣ ቡና አፍይዋ እንግዳውን ቆጥራ ጥሬ ቡና ትሰፍርና ታጥባ ትቆላለች። አልማ ብትወቅጠውም ሸከር ብታደርገውም ጀበና ውስጥ የሚገባው ያው የተሰፈረው ነው። ቁጠባ የሚኖረው አስቀድማ ፍሬውን የቀነሰች እንደሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜም በጥቂት ቡና ላይ ያለው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይጨመቃልና አቦሉ ውፍረት ሳይኖረው ምሬት ብቻ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ነጥብ ምሬትን ለአቆላል ብቻ ይሰጣል። አቆላል ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ አልክድም፤ እስኪከስል የተቆላ ቡና በምንም አፈጫጨት አይድንም። ነገር ግን አቆላል በፍሬው ውስጥ ምን ያህል መራራ ነገር እንዳለ ሲወስን፣ አፈጫጨትና ጊዜ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ሲኒው እንደሚገባ ይወስናሉ። ማንም ሰው በአንድ ምጣድ የተቆላ ቡናን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እንደ ዱቄት፣ ግማሹን ሸከር አድርጎ በእኩል ውሃና በእኩል ጊዜ ቢያፈላ ልዩነቱን ያለ አስረጂ ይለየዋል። በተለይ መጠናቸው የተበላሸ፣ ማለትም ብናኝና ክክ የተቀላቀለባቸው ቡናዎች፣ በአንድ ሲኒ ውስጥ መራራም ኮምጣጣም ይሆናሉ። ብናኙ ምሬቱን ሲያወጣ ክኩ ገና ጣፋጩን አልለቀቀም። ብዙ ሰው ይህን ጠባይ የቡናው ጉድለት አድርጎ ሻጩን ይወቅሳል።

ከሁሉም በላይ መልስ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ነጥብ ነው። ጸሐፊው የቱርክም የጀበናም ቡና በእሳት ላይ ስለሚፈሉና በማጣሪያ ስለማያልፉ ሁለቱም አንድ ዓይነት አፈጫጨት ይፈልጋሉ ብለዋል። ሁለቱም መፍላታቸው እውነት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ይለያያል። የቱርክ ቡና ከ100 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይላማል፣ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል፣ አረፋው እስኪነሳ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በዝግታ ይሞቃል፣ ከዚያም ከነአተላው ወደ ሲኒ ይገለበጣል። አተላው የሚዘቅጠው በጠጪው ሲኒ ውስጥ ነው፤ ጠጪውም ከላይ ጠጥቶ ዱቄቱን ይተወዋል። ሁለተኛ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ልመቱ ለዚህ አጭር ጊዜና ለዚህ አጠጣጥ የተሰፋ ነው።

ጀበና ሌላ ሥራ ይሠራል። ውሃው አስቀድሞ ይፈላል፣ ቡናው ይጨመራል፣ እየገነፈለ ሲነሳ ጥቂት ወደ ሲኒ ይቀዳና ተመልሶ ይጨመራል፣ ከዚያም ጀበናው ወርዶ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጥና እስኪሰክን ይጠበቃል። አተላው መዝቀጥ ያለበት በጀበናው ሆድ ውስጥ፣ ከመቀዳቱ በፊት ነው። እዚህ ላይ ከጣዕም በፊት የሚመጣ የፊዚክስ ጉዳይ አለ። በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድ ትንሽ ቅንጣት ፍጥነቱ ከስፋቱ ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ስፋቱ 200 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በ5 ሰከንድ የሚወርደውን ርቀት፣ 20 ማይክሮን የሆነው ብናኝ ለመውረድ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። እንግዶች ተቀምጠው፣ ከሰሉም እየከሰመ ያን ያህል የሚጠብቅ ቡና አፍይ የለም። ስለዚህ እንደ ዱቄት የላመ ቡና በጀበና ሲፈላ ድፍርስ ሆኖ ይቀዳል። በጀበናው አፍ ላይ ጭራ ወይም ቃጫ የሚወትፉ ሰዎችም ከብናኝ አይድኑም፤ ውታፉ ክኩን ይይዛል እንጂ ዱቄቱን አይመልስም። ይባስ ብሎ ብናኙ ውታፉን ሲደፍነው ቡናው መቅዳት እስኪያስቸግር ድረስ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛው ልዩነት ሙቀቱ የሚቆይበት ርዝመት ነው። ከውጭ የሚመጡ የአፈጫጨት ሰንጠረዦች የሚናገሩት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሆነ ውሃ በቡና ላይ ፈስሶ እየበረደ ስለሚሄድበት አሠራር ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። ስለዚህ የጀበናችን ውሃ ከሰንጠረዡ የሚያልፍ ሙቀት የለውም፤ ልዩነቱ ግን ሸክላው ሙቀቱን ይዞ መቆየቱና ጀበናው ደጋግሞ ወደ ፍሙ መመለሱ ነው። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት፣ ፍሬንች ፕሬስ በሚባለው መጭመቂያ ዕቃ የሚዘጋጀው ቡና እንኳ ሸካራ ሆኖ 4 ደቂቃ ያህል ሲዘፈዘፍ፣ የጀበና ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲቆጠር ከአንድ ሰዓት በላይ ከውሃው ሳይለይ ይቆያል። ረጅም ጊዜ ካለ ገጽ ማስፋት አያስፈልግም።

ሦስተኛውን ልዩነት ጸሐፊው ፈጽሞ አላነሱትም፤ እኔን ያስገረመኝም ይኸው ነው። አቦል ከተቀዳ በኋላ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶና ይፈላል፣ ከዚያም በረካ። ሦስቱን ዙር የሚያስችለው በቅንጣቱ ውስጥ ሳይሰበር የቀረው ሕዋስ ነው። በአቦል ጊዜ ገና ሰርጎ ያልወጣው ለቶና ይደርሳል። ሁሉን ዱቄት ያደረገ ሰው አብዛኛውን ነገር በአቦል ይጨርስና ለቶና የተረፈ ምሬት፣ ለበረካ ደግሞ ቀለም ያለው ውሃ ያቀርባል። ጎረቤት ጠርቶ ሦስት ዙር ለማጠጣት የሚያስብ ሰው የሚፈልገው ልመት፣ ብቻውን አንድ ሲኒ ጠጥቶ ወደ ሥራው ከሚሮጥ ሰው የተለየ መሆኑን ማንም ጅማ ውስጥ ያደገ ሰው የሚያውቀው ይመስለኛል።

ታዲያ ለጀበና የሚስማማው የትኛው ነው? ከማሽኑ ቡና ሸከር፣ ከመጭመቂያው ቡና ላም ያለ፣ በጣትና በጣት መካከል ሲታሽ ደቃቅ አሸዋ የሚመስል፣ ፊት ለፊት ሲታይ ግን ክክ የማይታይበት ቢሆን መልካም ነው። አንድ ሲኒ ብቻ ለሚያፈላ ሰው ትንሽ ይላም፤ ሦስት ዙር ለሚያስብ ትንሽ ይሸክር። ቡናው ሰክኖም ከተቀዳ በኋላ ሲኒው ታች ወፍራም ጭቃ የሚያስቀር ከሆነ ለሚቀጥለው ጊዜ ውቀጣውን ቀነስ ማድረግ ነው። አቦሉ ቀጥኖ ኮምጠጥ ካለ ደግሞ፣ ቡና ከመጨመር በፊት አልሞ መውቀጥን መሞከር ይበጃል።

ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ወደ ሙቀጫው ልለፍ። ሙቀጫና ዘነዘና እኩል መጠን ያለው ቅንጣት አይሰጡም፤ በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የሳቱት ግን በምትኩ ያቀረቡት ዕቃ ላይ ነው። በአብዛኛው ቤት ያለው የኤሌክትሪክ መፍጫ፣ ቅመምም ቡናም የሚፈጭበት፣ ከታች የሚሽከረከር ስለት ያለው ዓይነት ነው። ይህ መሣሪያ ቡናውን የሚቆራርጠው ስለቱ ባገኘው ቦታ ሁሉ ስለሆነ ለቅንጣቱ መጠን ወሰን የለውም። ታች ያለው ዱቄት ሲሆን ላይ ያለው ክክ ሆኖ ይቀራል፤ ክኩን ለማጥፋት ቁልፉን ይዞ መቆየትም ዱቄቱን ያበዛዋል፣ ቡናውንም ያሞቀዋል። የእኩልነት ችግርን እፈታለሁ ብሎ ከሙቀጫ ወደዚህ መሄድ ችግሩን በፍጥነት መሥራት ብቻ ነው። ቅንጣትን በእርግጥ እኩል የሚያደርገው ሁለት ጥርሳም ብረቶች በተወሰነ ክፍተት ተቃርበው የሚፈጩበት መሣሪያ ነው፤ ክፍተቱን ማጥበብና ማስፋት ስለሚቻል ልመቱ በሰው ፈቃድ ይወሰናል። በእጅ የሚዘወርም በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። አቅሙ ያለው ሰው ይህን ቢገዛ እኔም እደግፋለሁ።

ባለ ስለት መፍጫ ብቻ ላለው ሰው ቁልፉን ጫን ለቀቅ እያደረገ፣ በመካከሉም ዕቃውን እየናጠ መፍጨት ይረዳዋል። ሙቀጫ ላለው ደግሞ ሙቀጫው ከማሽኑ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፦ የሚወቅጠው ሰው በየምቱ መካከል ያያል፣ በቂ ሲሆንም ያቆማል። ጥቂት ጥቂቱን መውቀጥ፣ በመሃል ከጎን ያለውን ክክ ወደ መሃል መመለስ፣ ብናኙ በዝቶ ከታየም በዱቄት ወንፊት ነፍቶ ጥቂቱን ማስወገድ ይቻላል። ወንፊቱ ላይ የቀረውና ያለፈው ተለያይቶ ቢታይ፣ ምን ያህል ዱቄት እንዳለን ለማወቅ ከማንኛውም ሰንጠረዥ የተሻለ ያስተምራል።

ስለ ውቀጣ ሳነሳ ጽሑፉ ያላነሳውን አንድ ጉዳይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች ቡናን በተለያየ ቅዝቃዜ ፈጭተው፣ ፍሬው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚሰጠው ቅንጣት ደቃቅና ይበልጥ ተቀራራቢ እንደሚሆን አግኝተዋል። ጥናቱ ከክፍል ሙቀት ወደ ታች የሄደ ስለሆነ ከምጣድ ስለወረደ ትኩስ ቡና በቀጥታ አይናገርም። ቢሆንም ትኩስ ፍሬ ገና ለስለስ ያለ፣ ሲበርድ ደግሞ ቶሎ የሚሰበር መሆኑን ወቃጭ ሁሉ በክንዱ ያውቀዋል። የተቆላው ቡና በምጣዱ ሳለ ጭሱ ለእንግዳ ሁሉ ዞሮ እንዲሸተት ማድረጋችን ለክብር የተሠራ ሥርዓት ቢሆንም፣ በዚያ መሃል ፍሬው ይበርድና ለውቀጣ ይመቻል። ይህን ሥርዓት ለመቸኮል ሲሉ የሚያስቀሩት ሰዎች ምን እንደሚያጡ ቢያውቁ ጥሩ ነው።

አምስተኛው ነጥብ የወር ቡናን በአንድ ጊዜ ማስፈጨት ነው። ጸሐፊው ሥራ የሚበዛባቸውን ቤተሰቦች ማሰባቸው ተገቢ ቢሆንም ምክሩ ግን የሚጎዳው እነዚያኑ ነው። ከላይ እንዳየነው መፍጨት ገጽ ያሰፋል፤ ለውሃ የተሰፋው ገጽ ለአየርም ይሰፋል። በተቆላው ፍሬ ውስጥ ተይዞ የነበረው ጋዝና የጠረኑ ዋና ክፍል በተፈጨ ጊዜ መውጣት ይጀምራል፣ ቅባቱም ኦክሲጅን አግኝቶ ይበላሻል። ዱቄቱ በላመ ቁጥርም ይህ ይፈጥናል፤ ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥብ ያወደሱት ልመት በአምስተኛው ነጥብ ይከዳቸዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ዝናቡ ረጅም፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ የተፈጨ ቡና እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። ወፍጮ ቤቱን በተመለከተ፣ በርበሬ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ቡና ማስፈጨት ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

የጅማ ነዋሪ ደግሞ ይህን ሁሉ ለመቀበል የሚገደድበት ምክንያት የለውም። ጀንፈልም ሆነ ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ከሕርማታ ገበያ የገዛውን ጥሬ ቡና ቤቱ አስቀምጦ በሚፈልገው ጊዜ የሚቆላ ሰው ነው። ጊዜ የሚያጥረው ከሆነ ለሳምንት የሚበቃውን ቆልቶ ፍሬውን በሚገባ በሚከደን ዕቃ ያስቀምጥ፣ መፍጨቱን ግን ለሚያፈላበት ሰዓት ይተው። ጊዜ የሚወስደው መቁላቱ እንጂ መፍጨቱ አይደለም።

የጅማ ቡና ጠንካራ ስለሆነ ይበልጥ ይድቀቅ የሚለውን ስድስተኛ ነጥብ ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከላይ የጠቀስኩት የ2016 ጥናት ከተለያዩ አገሮችና በተለያየ መንገድ ከተዘጋጁ ቡናዎች መካከል፣ የተገኙበት ቦታም ሆነ የተዘጋጁበት መንገድ የቅንጣታቸውን ስርጭት እንደማይለውጠው ደርሶበታል። የሚለውጠው አቆላሉ ነው፤ ጠቆር እስኪል የተቆላ ፍሬ ቶሎ ስለሚሰበር ብናኝ ያበዛል፣ ቀላ ያለው ይከብዳል። በየቤታችን ቡና ብዙ ጊዜ ጠቆር ተደርጎ ስለሚቆላ፣ የሚያስፈልገው ከጸሐፊው ምክር በተቃራኒ ቀለል ያለ ውቀጣ ነው። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለፉት ዐሥርት ዓመታት መርጦ ያወጣቸው የቡና ዝርያዎች በፍሬያቸው መጠን የተለያዩ ናቸው፤ ለምሳሌ 74110 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ፍሬው ትንሽ ነው። በአንድ ከረጢት ትልቁና ትንሹ ተቀላቅሎ ከመጣ ትንሹ ሲከስል ትልቁ ገና ይሆናል፣ ውቀጣውም ይዛባል። መድኃኒቱ ከመቁላት በፊት መልቀም ነው።

የቀረው ስለ እንቅልፍና ስለ አረጋውያን የተባለው ነው። ካፌይን በሙቅ ውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ቶሎ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ነው፤ እንደ ጀበና ባለ ረጅም አፈላል ቡናው ሸከር ቢልም አብዛኛው ካፌይን በአቦል ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ አዛውንት ብሎ ቡና ማሸከር የአቦሉን ጣዕም ከማሳነስ በቀር እንቅልፍ አይመልስም። እንቅልፋቸውን የሚጠብቅላቸው የሲኒው ቁጥርና የዙሩ ተራ ነው፤ ማታ ላይ ከሆነ በረካ ይቅረብላቸው፣ ወይም የሚሰፈረው ጥሬ ቡና ይቀነስ። ለአረጋውያን ከታሰበ ከካፌይን ይልቅ መነሣት የነበረበት ካፌስቶል የሚባለው የቡና ቅባት ነው። በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት ቡና በሚያዘወትሩ ሰዎች ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ከታየ በኋላ፣ ቀጣይ ጥናቶች ምክንያቱ ሳይጣራ የሚፈላ ቡና ይዞት የሚመጣው ቅባት መሆኑን ለይተዋል። ይህ ቅባት በፈሳሹ ውስጥ ከሚንሳፈፈው ብናኝ ጋርም አብሮ ይጠጣልና፣ ቡናው ሰክኖና ጠርቶ መቀዳቱ በጥቂቱም ቢሆን ይረዳል፤ በእርግጥ የሚያስቀረው ግን የወረቀት ማጣሪያ ነው። ሐኪም ኮሌስትሮል እንዲቀንሱ የመከራቸው ሰዎች በወረቀት ማጣሪያ ቢጠቀሙ፣ ቡናውን ከጀበናው ሸከር አድርገው ይፍጩት። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ወረቀቱን ይደፍነውና በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ማለፍ ያለበት ውሃ ላዩ ላይ ቆሞ ይቀራል።